ሳንቲም የማይበላ ሳጥን

«ገንዘቡ በየት በኩል ነው የሚገባው?»

የጠየቁኝ የሰፈራችን አናጢ ናቸው። ስልኬ ላይ ያለውን የአርኬድ ሳጥን ፎቶ እያሳየኋቸው ነበር፤ ቁመቱ ሰው የሚያህል፣ ግንባሩ ላይ መብራት፣ መሐሉ ላይ ስክሪን፣ ከሥሩ ጆይስቲክና በተን። «ጋሼ፣ ሳንቲም አያስፈልገውም፤ ለቤት ነው» አልኳቸው። ሳቁብኝ። «ታዲያ ተራ የሚጠብቀው ማን ነው?»

እሳቸው የመንደሩን ጆተኒ ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። እኔ ደግሞ አርኬድን በኢንተርኔት ያወቅሁ፣ ያልኖርኩበት ዘመን የሚናፍቀኝ ሰው ነኝ። ጥያቄያቸው የገባኝ ሳጥኑ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ነው። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ የአሠራር መመሪያ አይደለም። የገዛ እጄን ሥራ እንደ አንድ ድርሰት አንብቤ ልተቸው ነው።

በመጀመሪያ ዋናው ድርሰት ምን እንደሚል እንይ። በ1972 አታሪ የፖንግን የመጀመሪያ ናሙና ካሊፎርኒያ ውስጥ ሰኒቬል በሚባል ከተማ አንድ መጠጥ ቤት አስቀመጠ። ብዙም ሳይቆይ «ማሽኑ ተበላሸ» ተብሎ ተደወለ። ጨዋታውን የሠራው አለን አልኮርን እንደሚተርከው፣ ሄዶ ሲከፍተው ችግሩ የሳንቲም መያዣው ሞልቶ መፍሰሱ ነበር። የአርኬድ ታሪክ የሚጀምረው በቃ እዚህ ነው፤ ከሳንቲሙ።

እንዲያውም አንዳንዴ ሳጥኑ ጨዋታውን ይቀድማል። ኔንቴንዶ ራዳር ስኮፕ የሚባል ጨዋታ አሜሪካ ልኮ አብዛኛው ሳይሸጥ ቀረበት። ወጣቱ ሺገሩ ሚያሞቶ ለእነዚያ ሳጥኖች አዲስ ጨዋታ እንዲፈጥር ታዘዘ። በ1981 የወጣው ዶንኪ ኮንግ እንዲህ ነው የተወለደው፤ ለቆመ ቤት ተከራይ ሲፈለግ። የ1978ቱን ስፔስ ኢንቬደርስ ደግሞ ውሰዱ። ጨዋታው ጥቁርና ነጭ ነበር። ቆመው በሚጫወቱበት ሳጥን ውስጥ ግን ምስሉ በመስታወት ተንጸባርቆ ከኋላው በተሳለ የጨረቃ ሥዕል ላይ ያርፍ ነበር። ያንን ጨረቃ ያመጣው እንጨት ሠሪውና ሠዓሊው እንጂ ኮምፒውተሩ አይደለም።

የእኔ ሳጥን ግን ከዚህ ሁሉ የወሰደው መልኩን ብቻ ነው። 18 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ ገዛን፤ የአንዱን ጎን ቅርጽ በካርቶን ሠርተን በጂግሶ ቆረጥን፤ ሁለተኛውን ጎን በመጀመሪያው ላይ አስረን አንድ ላይ ሞረድናቸው። ጋሼ የኤምዲኤፍ ጠርዝ ቀለም እንደ ስፖንጅ እንደሚመጥ ስለሚያውቁ መጀመሪያ በኮላ አሸጉት፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሱት። ይህኛው ሥራ እንከን አይወጣለትም። ነውሩ የሚጀምረው እኔ «ሁሉም ይኑረው» ካልኩበት ቦታ ነው።

ማሜ የሚባለው ሶፍትዌር ከ1997 ጀምሮ የድሮ አርኬድ ጨዋታዎችን በተራ ኮምፒውተር ያስነሳል። እኔም የቻልኩትን ያህል ጨዋታ ጫንኩ፤ ለሁለት ተጫዋች ሁለት ጆይስቲክና አሥራ ሁለት በተን አስገጠምኩ። ከዚያ ፓክማንን ከፈትኩ። ቶሩ ኢዋታኒ በ1980 ለናምኮ የሠራው ይህ ጨዋታ ከአንድ ጆይስቲክ በቀር ምንም አይፈልግም፤ የሚተኮስበት በተን የለውም። የዋናው ማሽን ስክሪን የቆመ ነው፣ የእኔ የተኛ፤ ስለዚህ ጨዋታው መሐል ላይ ተጣቦ ግራና ቀኙ ጥቁር ሆነ። የዋናው ጆይስቲክ አራት አቅጣጫ ብቻ ያውቃል፣ የእኔ ስምንት፤ ስለዚህ ማዕዘን ላይ ስታጠፉ ፓክማን ግራ ተጋብቶ ግድግዳ ላይ ይቀራል። ሁሉንም ጨዋታ ላስተናግድ ብዬ አንዱንም በወጉ አላስተናገድኩም። መጥፎ የግጥም መድበል በሉት፤ ሁሉም ገብቷል፣ የሚነበብ የለም።

ትልቁ ስህተት ግን የታየው ጓደኞቼ የመጡ ማታ ነው። ሳንቲም የለም፤ በሞቱ ቁጥር አንድ በተን ነክቶ መቀጠል ነው። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ሁሉም ስልኩን አወጣ። ለምን? አርኬድ ጨዋታ ጨካኝ የሆነው በምክንያት ነው፤ ቶሎ ካልገደለ ሳንቲም አይገባም፣ ከኋላ የቆመውም ተራ አይደርሰውም። ፍርሃቱ፣ የእጅ ላቡ፣ ከጀርባ «ግራ! ግራ በለው!» የሚለው ጩኸት፣ ሁሉም ከዚያች ቀዳዳ የሚመጣ ነው። እኔ ቀዳዳዋን ደፍኜ ሞትን በነጻ አደልኩ። ሞት ነጻ ሲሆን ደግሞ ነፍስም ዋጋ አጣች።

አርኬድን ከንግዱ አጽድቼ ንጹሕ ጥበብ ላደርገው አስቤ ነበር። ንግዱ ግን የጨዋታው ሰዋስው ነበር። ድሮን መውደድና ድሮን መረዳት ለየቅል እንደሆኑ ኤምዲኤፍ አስተማረኝ።

በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት ነገር አደረግሁ። የመቀጠያ በተኑን ሽቦ ነቀልኩ፤ ሦስት ነፍስ አልቆብህ ከሞትክ ትወጣለህ፣ ተራህን ትጠብቃለህ። ከዚያ ሳጥኑን ከሳሎን ጥግ አውጥቼ በረንዳ ላይ አቆምኩት፣ ከኋላው ሰው መቆም እንዲችል። ፓክማን አሁንም ማዕዘን ላይ ይደናገራል፤ እሱን ገና አልፈታሁትም። ግን ባለፈው እሑድ የጎረቤት ልጆች አራት ሆነው ተሰልፈው «አንተ ቶሎ ሙትና ውረድ!» ሲባባሉ ሰማሁ።

እናንተም ልትሠሩ ካሰባችሁ እንጨቱን ከመግዛታችሁ በፊት የጋሼን ጥያቄ መልሱ፦ ከኋላችሁ ተራ የሚጠብቀው ማን ነው?