መደቡ ያለው የሐረር ቤት

ከኩየራ ለሚነሳ ሐረር ቅርብ አይደለም፤ በባቱ ወደ አዳማ፣ ከዚያ በአዋሽና በጭሮ አድርጎ መዝለቅ ነው። በግንብ በታጠረው አሮጌው ከተማ፣ ጀጎል ውስጥ፣ ለጎብኚ ክፍት የሆነው የሐረሪ ባህላዊ ቤት ግን ድካሙን ያስረሳል። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ኑሮ እዚያ መስታወት ውስጥ አልተቆለፈም። ስፌቱና ሳህኑ ግድግዳው ላይ፣ ምንጣፉም መደቡ ላይ በየቦታው ነው።

«ነደባ» የሚባሉት መደቦች በከፍታ ይለያያሉ፤ ሰው የሚቀመጠው በማዕረጉ ነው። የቤቱ ጌታ ከአሚር ነደባ ሆኖ የሚገባውን ሁሉ ያያል። የመደቦቹ ቀይ ቀለም፣ እንደሚሉት፣ በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ የፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው። ንጉሥ ምኒልክ ሐረርን የያዙት ከዚያ ጦርነት በኋላ ነበር። ሐዘንን በየቀኑ የሚቀመጡበት መደብ ላይ መቀባት፣ ለእኔ ከማንኛውም ሐውልት ይበልጣል።

በሩ አናት ላይ ተጠቅልሎ የተቀመጠው ምንጣፍ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ መኖሯን ይናገራል። ሽማግሌ ላኪው መጠየቅ አያስፈልገውም፤ ቀና ብሎ ማየት ብቻ ነው። ጎን ያለችው፣ ሙሽሮች የሚሰነብቱባት ጠባብ ክፍል፣ ቂርጣት፣ ደግሞ መተንፈሻ እንኳ የሌላት ትመስላለች። አዲስ ተጋቢ ምን ይመርጣል!