ቆራሌው የት ጠፋ? የዩቲዩብን ድምፅ ስለመመዘን

የአንድን ቪዲዮ ድምፅ ለመዳኘት ውድ ማዳመጫ አያስፈልግም፤ ቢያንስ መጀመሪያ ላይ። ስልክዎን ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡ፣ ድምፁን ግማሽ ላይ ያድርጉት፣ መስኮቱን ይክፈቱ። ቤትዎ አዲስ አበባ፣ ጀሞ ከሆነ የቀረውን መስኮቱ ይጨርሰዋል። ባጃጁ ያጓራል፣ ረዳቱ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ይላል፣ ከታች ያለው ብረት ቤት መቁረጫውን ያስነሳል። በዚህ ሁሉ መሐል የተናጋሪው ቃል ሳያለፋዎት ከገባዎት ሚክሱ፣ ማለትም የድምፁ ቅንብር፣ ዋናውን ፈተና አልፏል። ስቱዲዮ ውስጥ በትልልቅ ስፒከር ሲሰማ ያማረ ሥራ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ሲወድቅ ማየት የተለመደ ነው።

የስልክ ስፒከር ትንሽ ስለሆነ ወፍራሙን ድምፅ መግፋት አይችልም። የከበሮው ሆድ ይጠፋና የመዳፉ ጥፊ ብቻ ይቀራል። ለተራኪው ግርማ ሞገስ እንዲሰጠው ተብሎ የተጨመረው ቤዝም አብሮ ይጠፋል። የሚተርፈው ከ200 እስከ 500 ኸርዝ አካባቢ ያለው ድፍንፍን ያለ ክፍል ነው፤ ቃሉን የሚያፍነውም እሱ ነው። ቃልን ከቃል የሚለዩት ተነባቢዎች ደግሞ ጉልበታቸው በአብዛኛው ከ2,000 ኸርዝ በላይ ነው። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ላይኛውን ከማጉላቱ በፊት ታችኛውን ይቀንሳል። ላይኛውን ብቻ ያጎላ እንደሆነ «ሰ» እና «ሸ» ጆሮ መውጋት ይጀምራሉ፤ ይህን ለመለየት አንድ ደቂቃ ማዳመጥ በቂ ነው።

አማርኛ ለሚክስ ሠሪ የራሱ ፈተና አለው። ጠ፣ ቀ፣ ጨ እና ጰ ከመፈንዳታቸው በፊት አጭር ዝምታ አላቸው፤ ሲጠብቁ ዝምታው ይረዝማል። ተናጋሪው «ጠጣ» ሲል ይከታተሉት። የመጀመሪያው ጠ ላልቶ ይመጣል፤ ሁለተኛው ጠብቆ፣ ምላስ ለቅጽበት ዘግታ ቆይታ ትለቀዋለች። ከፍ ያለውን ድምፅ የሚጫነው ኮምፕረሰር ከልክ በላይ ፈጥኖ እንዲይዝ ከተደረገ ፍንዳታውን ይደፈጥጠዋል። ዝቅ ያለውን ድምፅ የሚዘጋው ኖይዝ ጌት ደግሞ ያለአግባብ ከጠበቀ ያቺን ዝምታ ንግግሩ ያለቀ መስሎት በሩን ይዘጋል፤ ቃሉም ተሸርፎ ይወጣል። ከኢንተርኔት የወረደ ዝግጁ ማስተካከያ (ፕሪሴት) እንዳለ የተጫነበት ሥራ የሚጋለጠው እንዲህ ያሉት ፊደላት ላይ ነው። እኔ አንድን ሚክስ ስሰማ መጀመሪያ የምጠብቀው እነሱን ነው።

ለማነጻጸሪያ የሚሆን አሮጌ ሥራ ከፈለጉ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከውን «ፍቅር እስከ መቃብር» ይክፈቱ። ዩቲዩብ ላይ የሚገኙት ቅጂዎች የቴፕ «ሽሽ» አለባቸው፣ ላይኛው ድምፅ ደክሟል፣ ቤዝ የሚባል ነገርም ብዙ የለም። ዛሬ ባለው መሣሪያ ቢለካ ነጥቡ ዝቅተኛ ይሆናል። ያም ሆኖ የደራሲው የሐዲስ ዓለማየሁ ዓረፍተ ነገር ከነርዝመቱ ሳይደናቀፍ ጆሮ ይደርሳል። ሽሽታው ከትረካው በታች፣ ከፍና ዝቅ ሳይል፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ዓይነት ሆኖ ስለሚሄድ ጆሮ በጥቂት ደቂቃ ይለምደውና ይረሳዋል። ጆሮን የሚያስቸግረው የሚቀያየር ድምፅ ነው።

በጀሞ አንድ፣ ሁለትም ሆነ ሦስት ኮንዶሚኒየም ውስጥ «ስቱዲዮ» የሚባለው ብዙውን ጊዜ መኝታ ቤት ነው። ግድግዳው ልስን ያለበት ብሎኬት፣ ወለሉ ሊሾ ወይም ሴራሚክ፣ መስኮቱ ሰፊ መስታወት። አንዴ ቢያጨበጭቡ ድምፁ በሁለት ትይዩ ግድግዳዎች መሐል ሲመላለስ ይሰማል። ስፋቱ 3 ሜትር የሆነ ክፍል በ57 ኸርዝ አካባቢ፣ ከዚያም በእጥፉ በ114 ኸርዝ ላይ ያስተጋባል። ሁለተኛው የብዙ ወንዶች ድምፅ መነሻ የሚገኝበት ቦታ ነው፤ ተናጋሪው አንዳንድ ቃል ላይ ብቻ በድንገት የሚወፍርበት ሚስጥር ይኸው ነው። የክፍል ማስተጋባት ወጥ ውስጥ እንደገባ ጨው ነው፤ ከተቀረጸ በኋላ የሚያወጣው የለም። ዛሬ አወጣለሁ የሚሉ ፕሮግራሞች አሉ፤ ሲያወጡት ከድምፁ ሥጋ ይዘው ይወጣሉ።

ስለዚህ ሚክሱን እየመዘንን የቀረጻውንም ዋጋ መስጠት አለብን። ማይኩ ከአፍ አንድ ስንዝር ያህል ርቆ የተቀረጸና ክንድ ሙሉ ርቆ የተቀረጸ ድምፅ በምንም ማስተካከያ እኩል አይሆኑም። ርቀቱን በግማሽ ሲቀንሱት በቀጥታ ከአፍ የሚመጣው ድምፅ በ6 ዴሲቤል ገደማ ይጨምራል፤ የክፍሉ ማስተጋባት ግን ባለበት ይቆያል። ይህ ምንም ገንዘብ አያስወጣም። ፍራሽ ግድግዳ ላይ ማቆም፣ ብርድ ልብስና ጋቢ መስቀል፣ ልብስ የሞላውን ቁም ሣጥን ከፍቶ ፊቱ መናገርም እንዲሁ። የእንቁላል ካርቶን የለጠፉት ግን ምን እንዳገኙ አላውቅም፤ ቀጭን ወረቀት ወፍራሙን ድምፅ አይይዘውም፣ የጎረቤትንም ራዲዮ አያቆምም። ቪዲዮው ላይ ማሳመሪያ ቢሆን እንኳ አያምርም።

በማዳመጫ የምንሰማው እዚህ ላይ ነው። ዓረፍተ ነገሩ ሲያልቅ ጅራቱን ይከታተሉ፤ ከቃሉ በኋላ ክፍሉ ምን ያህል ይናገራል? ቃለ ምልልስ ከሆነ ከጠያቂው ወደ እንግዳው ሲሻገር ክፍሉ አብሮ ይቀየራል? አንድ ሶፋ ላይ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች አንዱ ጉድጓድ ውስጥ፣ አንዱ ጆሮዎ ሥር ሆነው ከተሰሙ ሚክስ ሠሪው ሁለቱን ማይክ ለየብቻ አስተካክሎ አብረው አላዳመጣቸውም።

አሁን ወደ ቆራሌው፣ ወደ አሮጌ ዕቃ ሰብሳቢው፣ እንምጣ። በአሁኑ ጊዜ የሚሠራው ትልቁ ጥፋት ጩኸትን ማጥፋት ይመስለኛል። ጀሞ ሚካኤል አካባቢ የተቀረጸ የመንገድ ላይ ቃለ መጠይቅ ያያሉ። ከተናጋሪው ኋላ ታክሲ ይቆማል፣ ባጃጅ ይታጠፋል፣ ሰው ይጠራራል፤ ድምፁ ግን ባዶ ነው። ተናጋሪው አፉን ሲከፍት መንገዱ አብሮት ብቅ ይላል፣ ሲዘጋ አብሮት ይጠፋል። ቃሉም ውኃ ውስጥ የገባ ዓይነት ቃና ይይዛል፤ ጩኸት አጥፊው ፕሮግራም ጩኸቱን ሲቆርጥ የድምፁንም ዳር ይዞ ስለሄደ ነው። ደህናው ሚክስ ሠሪ መንገዱን ዝቅ ያደርገዋል እንጂ አይገድለውም። ቃለ መጠይቁ ካለቀ በኋላ አንድ ሁለት ደቂቃ የአካባቢውን ድምፅ ብቻ ይቀርጻል፤ ኤዲት ሲደረግ የተቆረጠባቸውን ክፍተቶች በዚያ ይሞላል። «ቆራሌው!» የምትለው ጥሪ ከሩቅ ተሰምታ ስታልፍ ቦታው አዲስ አበባ መሆኑን ሥዕሉ ከሚነግረን በላይ ትነግረናለች።

ይህ ጩኸት አጥፊ ፕሮግራም በበገና ላይ ሲጫን ደግሞ ልብ ይሰብራል። በገናን በገና የሚያደርገው እንዚራ የሚባሉት የቆዳ ቁራጮች አውታሮቹ ሥር ገብተው የሚፈጥሩት ነዘር ያለ ድምፅ ነው። ማሽኑ ይህን የኤሌክትሪክ ብልሽት ይመስለዋል። አጥርቶ ሲያወጣው የሚቀረው ደንዳና፣ ማንም የማያውቀው አውታር ነው። የበገና መዝሙር ሰምተው «ጥርት ብሏል፣ ግን አልነካኝም» ካሉ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው።

ከትረካ ሥር የሚገባ ሙዚቃ ላይ ፍርዴ ጠበቅ ያለ ነው፤ የማይስማሙ እንዳሉም አውቃለሁ። ማሲንቆ ያለማቋረጥ የሚዘፍን፣ ከሰው ድምፅ ጋር አንድ ሰፈር የሚኖር መሣሪያ ነውና ከንግግር ሥር ሲገባ ይጋፋል። ክራር ተመትቶ ስለሚረግብ በምቶቹ መሐል ለቃል ቦታ ይተዋል። ግጥም ያለው ዘፈን ከሥር ማስገባት ግን ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ እንዲያወሩ መፍቀድ ነው፤ ምንም ያህል ዝቅ ቢል ጆሮ አማርኛውን መከተሉ አይቀርም። ሙዚቃው ንግግሩ ሊጀምር ሲል ቀድሞ ዝቅ ይላል፣ ሲያበቃ ሳይቸኩል ይመለሳል። ተናጋሪው ትንፋሽ በወሰደ ቁጥር ዘልሎ የሚወጣ ከሆነ ሥራው ለማሽን ተትቷል።

የድምፅ መጠንን ለመመዘን ስሜት አያስፈልግም፣ ቁጥሩ አለ። ዩቲዩብ የሚለካው እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣው ዓለም አቀፍ የላውድነስ አለካክ ሲሆን መነሻው −14 ኤልዩኤፍኤስ (የላውድነስ መለኪያ) ገደማ ነው። ከዚያ በላይ የጮኸውን ይቀንሰዋል፤ ከዚያ በታች ያለውን ግን አያነሳለትም። የአውሮፓ ቴሌቪዥኖች ደረጃ −23 ስለሆነ በዚያ የተሠራ ፕሮግራም እንዳለ ሲጫን በ9 ዴሲቤል ዝቅ ብሎ ይቀራል። ተመልካቹ ድምፁን ይጨምራል፣ ማስታወቂያው ይመጣል፣ የተኛው ሕፃን ይነቃል። ኮምፒውተር ላይ ቪዲዮውን በቀኝ ጠቅ አድርገው «ስታትስ ፎር ነርድስ» የሚለውን ሲከፍቱ «ኮንቴንት ላውድነስ» ከሚለው ጎን ልዩነቱ ተጽፎ ያገኙታል። ወደ ዜሮ የቀረበ ጥሩ ነው፤ ከዜሮ በላይ 5 እና 6 ካለ ሠሪው በከንቱ ደክሟል፣ የጨፈለቀው ድምፅ ተመልሶ ዝቅ ተደርጎበታል። አንድ ጥንቃቄ፦ እ.ኤ.አ. በ2023 የመጣው «ስቴብል ቮልዩም» የሚባለው ማስተካከያ ከፍና ዝቅ ያለውን ራሱ ስለሚያቀራርብ ከመፍረድዎ በፊት ያጥፉት። ያለዚያ የሚመዝኑት የዩቲዩብን ሥራ ነው።

ከፍለው ያሠሩ ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር ይጠይቁ። የንግግሩ፣ የሙዚቃውና የአካባቢው ድምፅ በየፋይሉ ተለይቶ ይሰጠኝ ይበሉ። ሥራውን በሥርዓት የያዘ ሰው ይህን ለማውጣት ብዙ ጊዜ አይወስድበትም። የሚያቅማማ ከሆነ ሁሉንም አንድ ላይ አድርጎ አቅልጦታል ማለት ነው፤ ነገ ከነገ ወዲያ ሙዚቃው የባለቤትነት ጥያቄ ቢነሳበት ሙዚቃውን ብቻ ቀይሮ ትረካውን ማትረፍ አይቻልም።