ከዝገት በታች ያለ ስም

የመብራት መስመር በደረሰበት የገጠር ቀበሌ የናፍጣው ወፍጮ ተራውን ለኤሌክትሪኩ ይለቃል። ከዳንግላ ወደ እንጅባራ ባለፍኩ ቁጥር ዓይኔ የሚፈልገው የተተወውን ሞተር ነው፤ ጓሮ ተጥሎ፣ ዝገት ለብሶ፣ አንዳንዴም ዶሮ ሰፍሮበት።

እንዲህ ያለውን ሞተር ማንነቱን ለይቶ የሚያስነሣ መካኒክ እጅግ አደንቃለሁ። ቶሎ ብሎ ቁልፍ አያነሣም፤ በጨርቅና በነጭ ጋዝ የስም ሰሌዳውን ያብሳል። «ሊስተር 6/1» የሚል ከወጣ ነገሩ ተፈታ፤ 6 የፈረስ ጉልበት፣ 1 ሲሊንደር፣ በደቂቃ 650 ዙር። የዚህ ሞተር አገሩ ዱርስሊ የተባለች የእንግሊዝ ከተማ ናት፤ ህንድ ውስጥም ቁርጥ እሱን የሚመስሉ ተሠርተዋል። ሰሌዳው ከጠፋ መለየቱ ይከብዳል። ያኔ ብረቱ ላይ የተወቀረው ቁጥር ይፈለጋል፣ የአሠራሩ ጥራት በእጅ ይዳሰሳል።

ቀጥሎ ትዕግሥት ነው። ከሲሊንደሩ ጋር የተጣበቀን ፒስቶን በመዶሻ የሚደበድብ ሰው ሞተሩን ይገድለዋል። ዋናው ባለሙያ ዘይትና ነጭ ጋዝ አፍስሶ ቀናት ይጠብቃል። ከተላቀቀ ባትሪ እንኳ አይጠይቅም፤ የቫልቩን ማንሻ ይዞ ሁለቱን ከባድ መንኮራኩሮች በእጅ ማዞር፣ ፍጥነት ሲያገኙ ማንሻውን መልቀቅ ነው። ያ ዝግ ያለ፣ ደረትን የሚመታ ትርታ ሲመለስ እኔ ቆሜ እሰማዋለሁ።

ጓሯችሁ እንዲህ ያለ ሞተር ካለ፣ ለቆራሌው በኪሎ ከመሸጣችሁ በፊት ሰሌዳውን አብሳችሁ አንብቡት።