«ደጋ» ስንት ሜትር ነው?

ከ500 ሜትር በታች በረሃ፣ እስከ 1,500 ቆላ፣ እስከ 2,300 ወይና ደጋ፣ እስከ 3,200 ደጋ፣ ከዚያ በላይ ውርጭ። ይህቺን ሠንጠረዥ ለፈተና ያልሸመደደ ካለ እጁን ያውጣ! ሌላ መጽሐፍ ብትገልጡ ደግሞ 2,300ው 2,400 ወይም 2,500 ሆኖ ታገኙታላችሁ። የትኛው ነው ትክክል? መልሱ «ፈተናውን ባወጣው ሰው መጽሐፍ ውስጥ ያለው» ይመስላል።

ሠንጠረዧን ልተቻት ነው፤ ግን መጀመሪያ የሚገባትን ምስጋና ልስጣት። የጎጃም ደጋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ካርታ ብቻ ያየ ሰው እዚያ ዓመቱን ሙሉ ሙቀት ነው ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። የስናን ገበሬ ግን ጋቢውን ደርቦ ነው ማለዳ የሚወጣው። ምክንያቱ ከፍታ ነው፦ 1,000 ሜትር በወጣን ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀንሳል። ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ በሚወርደው ዳሎልና ከ4,500 ሜትር በላይ በሚቆመው ራስ ዳሸን መካከል ያለውን አገር በአምስት ቃል መግለጽ ቀላል ነገር አይደለም።

ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? ከፍታ የሚነግረን ስለ ሙቀት ነው እንጂ ስለ ምድሩ አይደለም። ጋምቤላ ከተማና አፋር ውስጥ ያለችው ገዋኔ ሁለቱም ከ500 ሜትር ትንሽ ከፍ ይላሉ። በሠንጠረዧ ሁለቱም «ቆላ» ናቸው። ጋምቤላ ግን በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ ገዋኔ ዝናብ ናፋቂ ናት። በአንድ ስም የተጠሩ ሁለት የተለያዩ አገሮች ማለት ነው።

አሁን ወደ ሮብ ገበያ እንሂድ። ከደብረ ማርቆስ ወደ ጮቄ ተራራ ስትወጡ የምትገኝ የስናን ወረዳ ከተማ ናት። ከእሷ በላይ ጮቄ ከ4,000 ሜትር አልፎ ቆሟል፤ በስተደቡብ ደግሞ አገሩ እየወረደ ሄዶ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ የዓባይ ሸለቆ ውስጥ ይገባል። የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ቅልጥ ዐለት እንደ እንጀራ እየተነባበረ ደጋውን ሠራ። የዛሬ 22 ሚሊዮን ዓመት አካባቢ ጮቄ በላዩ ላይ እንደ ተደፋ ጋሻ የተንጣለለ እሳተ ገሞራ ሆኖ ተጨመረ። ዓባይ ይህን ሁሉ ሲቆርጥ ከሥር ያለውን ገለጠው፦ ከደጀን ወደ ጎሃ ጽዮን በሚወርደው መንገድ ዳር የምታዩት የኖራ ድንጋይ በዳይኖሰሮች ዘመን እዚያ ከነበረ ባሕር የቀረ ነው።

ከዚህ ታሪክ ሠንጠረዧ ውስጥ አንድም የለም። «ይህ የጂኦሎጂ ጉዳይ ነው፣ ለገበሬው ምን ይጠቅመዋል?» ትሉኝ ይሆናል። ኧረ በጣም ይጠቅመዋል! የቢቸና ሜዳና የጮቄ ተዳፋት በሠንጠረዧ ሁለቱም «ደጋ» ውስጥ ይገባሉ። የሜዳው ጥቁር ዋልካ አፈር በክረምት ውኃ ይቋጥርና ሥር ያፍናል፤ የተዳፋቱን አፈር ዝናብ ሲያጥበው ኖሮ አሲዳማ ሆኗል። አንዱ ውኃ የሚያንጣፍፍ ቦይ ይፈልጋል፣ ሌላው የተፈጨ ኖራ። ኖራው ደግሞ የሚገኘው ከዚያው ከሸለቆው ድንጋይ ነው። የደጋው መድኃኒት ቆላ ተቀብሯል፤ ይህን የሚያይ ግን ከፍታን ብቻ ሳይሆን ዐለቱንም የሚያነብ ነው።

ውርጭም ቢሆን ሠንጠረዧን አይሰማም። በጠራ ሌሊት ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ተንሸራትቶ ረባዳ ቦታ ይተኛል። ጠዋት ላይ ታች ያለው ማሳ ተመትቶ፣ ከፍ ያለው ተዳፋት ሊተርፍ ይችላል።

ይህን ጉድለት ያዩ አሉ። ስዊዘርላንዳዊው ሃንስ ሁርኒ በ1998 (እ.ኤ.አ.) ከፍታ ላይ የዝናብ መጠንን ጨምሮ ሠንጠረዡን አሰፋው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር በላይ ስማኔና ባልደረቦቻቸው በ2013 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጥናት የጮቄን ተፋሰሶች በአየር ንብረት፣ በአፈር፣ በተዳፋትነትና በአስተራረስ ለይተው ስድስት ቦታ ከፈሏቸው። ለእኔ ከሁሉ የሚሻለው ይሄኛው ነው፤ ጥቁሩን ሜዳ ከቡናማው ለይቶ ያያልና።

ቃላቱን ግን አትጣሏቸው። «ቆላ» እና «ደጋ» ከሜትሩ በፊት ነበሩ። «ቆላ ወረደ» ሲባል ሰሚው ከየት እንደተነሳ ያውቃል፤ ቃሉ ጉርብትናን እንጂ ቁጥርን አይናገርም። ቁጥሩን ቸነከርንበትና ምድሩ የማይለወጥ አስመሰልነው።

ምድሩ ግን እየተለወጠ ነው። ጮቄ ላይ አስታ፣ ጓሳና ጅብራ የነበረበት ቦታ ገብስና ድንች እየተዘራበት ነው፤ ማሳው 3,500 ሜትርን አልፏል። የዓባይ ገባሮች የሚመነጩት ደግሞ ከዚያው ከፍታ ነው። ተማሪው አሁንም ከ3,200 በላይ «ውርጭ» ብሎ ይጽፋል፤ መምህሩም ትክክል ይለዋል።