ስለ «ሼድ» እና ስለ «ሻዶ»

ለተማሪዎች የተዘጋጁ አንዳንድ መዛግብተ ቃላት «ሼድ»ንም «ሻዶ»ንም «ጥላ» ብለው ያልፋሉ። ፍቺው ስሕተት ነው አንልም፤ ነገር ግን ሥራው ከግማሽ ቀርቷል። ሁለቱ ቃላት ከአንድ የጥንት እንግሊዝኛ ቃል የተወለዱ ወንድማማች ቢሆኑም፥ ዛሬ እየራሳቸው ጎጆ ወጥተዋል።

«ሼድ» የፀሐይ ትኩሳት የማይደርስበት ስፍራ ነው፤ መንገደኛ ይገባበታል፥ ያርፍበታል። «ሻዶ» ግን የባለቤቱን ቅርጽ ይዞ በመሬት ወይም በግድግዳ ላይ የሚወድቅ ምስል ነው። ስለዚህ የአንዱ ዋርካ ጥላ ከሥሩ ለተቀመጠው «ሼድ»፥ በሜዳው ላይ ሲረዝም ከሩቅ ለሚያየው «ሻዶ» ይሆናል። በብሪታንያ ምክር ቤት የተቃዋሚው ወገን እያንዳንዱን ሚኒስትር የሚከታተሉ ሰዎች ሲሰይም ጉባኤያቸው «ሻዶ ካቢኔ» ይባላል፤ «ሼድ ካቢኔ» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ግን ሹማምንቱን ከዛፍ ሥር አስቀምጧቸዋል።

ወሰኑ ዘወትር እንዲህ የጠራ አልነበረም። በ1611 ዓ. ም. (በፈረንጆች አቈጣጠር) የታተመው የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ ዮናስ ከነነዌ ውጭ የተጠለለበትን ጥላ «ሻዶ» ይለዋል፤ በኋላ ዘመን የወጡ ብዙ ትርጕሞች «ሼድ» ብለውታል።

በአማርኛችን ይህን ልዩነት የሚሸከመው ግሱ ነው። ሰው በጥላ ይጠለላል፤ ጥላም በሰው ላይ ያጠላል። «ጥላ ወጊ» ሲባል የተወጋው የዋርካው ጥላ አለመሆኑን ሕፃን እንኳ ያውቃል። እንግዲህ ተርጓሚ ስሙን ብቻ ሳይሆን ግሱንም ይምረጥ እንላለን። «ሼድ» የቀለምን ድምቀትና ፍዘት ሲያመለክት «የቀይ ጥላ» ብሎ መተርጐም ግን በማናቸውም ግስ አይድንም።