የሮማው የብሌዛሮች መዝገብና የስታቲስቲክስ ጥንቃቄ

በሮም ከተማ የላ ሳፒየንዛ ዩኒቨርሲቲና የጣሊያን የጠፈር ድርጅት የመረጃ ማዕከል ምሁራን ያዘጋጁት ‹‹ሮማ ቢ.ዜድ.ካት›› የተሰኘው መዝገብ፣ በ2015 እ.ኤ.አ. በወጣው 5ኛ እትሙ 3561 የሰማይ አካላትን ዘርዝሯል። ብሌዛር የሚባለው፣ በማእከሉ ያለው ግዙፍ ጥቁር ጉድጓድ ወደ ብርሃን ፍጥነት በተጠጋ ፍጥነት የሚያስፈነጥረው ጅረት ወደ እኛ ያነጣጠረ ጋላክሲ ነው። ስለዚህም ብርሃኑ አንዳንዴ በደቂቃዎች፣ አንዳንዴም በዓመታት ውስጥ ይዋዥቃል።

መዝገቡ ምስጋና የሚገባው ድካም ነው። ቅር የሚያሰኘው አጠቃቀሙ ነው። ከተወሰነ የድምቀት ወሰን በላይ ያሉትን ሁሉ ያካተተ ናሙና አይደለም፤ ከልዩ ልዩ ጥናቶች የተለቀመ ነው። አዘውትሮ የታየ፣ ወይም ድንገት ደምቆ ዓይን የሳበ አካል የመመዝገብ ዕድሉ ይበልጣል። እንግዲህ ከዚህ ተነሥቶ ‹‹ከብሌዛሮች ይህን ያህል በመቶው ይዋዥቃሉ›› የሚል ሰው የሚቆጥረው ሰማዩን ሳይሆን የተመልካቾችን ልማድ ነው።

ከዚህ የከፋው የዑደት ፍለጋ ነው። የብሌዛር መዋዠቅ ጊዜው በረዘመ ቁጥር ስፋቱ ይበረታል፤ ባለሙያዎች ‹‹ቀይ ሁካታ›› ይሉታል። እንዲህ ያለው ሁካታ አንዳች ሰዓት ሳይመራው ሁለት ሦስት ዙር የሚመስል ማዕበል ያወጣል፤ ሳይመን ቮንና ባልደረቦቹ በ2016 ይህን በግልጽ አሳይተዋል። ባሕረ ሐሳብ የተማረ አንባቢ የ19 ዓመቱን ንዑስ ቀመርና የ532 ዓመቱን ዐቢይ ቀመር ያውቃል፤ እነዚያ ግን የቆሙት በፀሐይና በጨረቃ ጉዞ ላይ ነው፣ በሦስት ዙር መመሳሰል ላይ አይደለም።

ዋነኛው ምሳሌ ኦጄ 287 ነው። በ1988 ሲላንፔና ባልደረቦቹ 12 ዓመት ገደማ የሚፈጅ ዑደት አለው ብለው፣ ምክንያቱን እርስ በርስ ለሚዞሩ ሁለት ጥቁር ጉድጓዶች ሰጡ። የ2019ኙን ድምቀት የስፒትዘር ቴሌስኮፕ በተተነበየለት ጊዜ ማየቱ አይካድም። ለኦክቶበር 2022 የተጠበቀው ግን አልታየም። የሐሳቡ ደጋፊዎች ድምቀቱ አካሉ ከፀሐይ አጠገብ ተሸሽጎ ሳለ ቀድሞ ማለፉን ተናገሩ። ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ከታየ የሚጸና፣ ካልታየም የማይወድቅ ሐሳብ በምን ስታቲስቲክስ ይፈተናል?

የሮሙ ማዕከል መዝገቡን ለሁሉም ክፍት አድርጓል። እንጦጦ ላይ ያሉት ሁለት ቴሌስኮፖች ባለ 1 ሜትር ብቻ በመሆናቸው፣ ለአገራችን ተመራማሪ ይህ ቀላል ችሮታ አይደለም። በቀጣዩ እትም ከእያንዳንዱ ስም ጎን አካሉ ስንት ጊዜ፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደታየ ቢጻፍ፣ ተማሪው ዑደት ከማወጁ በፊት የማስረጃውን ልክ ለማወቅ ይችል ነበር።