ሳቅ ሰሙ፥ ኀዘን ወርቁ

በጎጃም የቅኔ ጉባኤ ሰሙን ሰምቶ ወርቁን ሳያወጣ የሚፈርድ ተማሪ ይነቀፋል፤ በተዋናይም ላይ የሚፈርድ እንዲሁ ነው። አሜሪካዊው ሮቢን ዊልያምስ በቀልዱ ብዙ ሕዝብ ያሳቀ ሰው ነበረ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1997 ዓመት በወጣው «ጉድ ዊል ሃንቲንግ» በተባለው ፊልም ግን ሚስቱ የሞተችበት የሥነ ልቡና መምህር ሆኖ ልቡ የቆሰለውን ወጣት ያጽናናል፤ ስለ ሟቿ ተርኮ ቢያስቅም ሳቁ የናፍቆቱ መግለጫ ነው። ቀልድ ብቻ የጠበቀ ተመልካች ይህን ሳያይ ያልፋል። በሀገራችንም አለቃ ገብረ ሐና በብዙ ሰው ዘንድ በቀልዳቸው ብቻ ይነሣሉ፤ በልጃቸው ስም የተጠራው የተክሌ አቋቋም ግን የእርሳቸው ድካም ፍሬ ነው፤ በማሕሌት የሚያሸበሽብ ካህን የሚያገኘው ሊቁን እንጂ ቀልደኛውን አይደለም። ስለዚህ ሥራ በራሱ ሚዛን እንጂ በባለቤቱ ዝና አይመዘን።